መራመጃ ቤት ውስጥ የተደበቀው መርዶ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ በካርቶን የታሸገ ስጦታ ሰጡኝ። ሁሉም ቆመው እያጨበጨቡ ሳለ እኔ ካርቶኑን ነቅነቅ አደረግሁና የጥጉን ፕላስተር ላጥ አድርጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ብርድ ልብስ ነው። «ኮማንደር ዛሬም ፍተሻ ላይ ናት!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሰዉ በሳቅ አውካካ።

አልተቀየምኩም። ኮማንደር የሚለው ቅጽል ከወጣልኝ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው፣ ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋ ሲከተላት እንኳ ዞራ ታያለች» ትል ነበር። ተፈጥሮዬ አንድ ነገር ሆኖ ሥራው ደግሞ አባሰው። በአዳር ነርስነት የኖረ ሰው የሚነገረውን ሁሉ አምኖ ከተቀበለ፣ ጠዋት የሚያስረክበው በሽተኛ ወይ ወድቆ ወይ ቆስሎ ነው።

ሰው የአዳር ነርስ ሲባል ሲሮጡ ማደር ይመስለዋል። የእኔ ክፍል እንደዚያ አልነበረም። ዳሌያቸው ተሰብሮ ብረት የገባላቸው፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ተኝተው እየታከሙ እንደገና መቀመጥ፣ መቆምና መራመድ የሚማሩበት ክፍል ነው። በደብዳቤ ላይ «የአካል ተሐድሶ ሕክምና ክፍል» ተብሎ ይጻፋል፤ የመንዝ ሰው ግን «መራመጃ ቤት» ነው የሚለው። ቀን ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ ያስተምራቸዋል፣ ይመሰገንበታልም። ማታ ግን ያ ሁሉ ሰው የእኔ ነው። ቀን የተማረውን እርምጃ ማንም ሳያየው ሊሞክር ይነሣል። እያመመው አላመመኝም ይላል። አልጋው ረጥቦ ሲገኝ «ውሃ ተደፍቶብኝ ነው» ይላል። መንዜ ኩሩ ነው፤ ከሚለምን ቢወድቅ ይመርጣል። እኔም ይህንን ስላወቅሁ ማንንም አላምንም ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ፤ ሥራም የጀመርኩት እዚያው ዓለም ከተማ ነው። ያኔ ወባውም ወጣትነቱም ነበረና እንቅልፍ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። የመጀመሪያው አለቃዬ ሳያይ የሚፈርም ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ለመፈተን ብዬ የቡና ማዘዣ አስገብቼለት ፈረመልኝ። ከዚያ ሞላሌ ተዛወርኩ። የሞላሌው አለቃ ደግሞ በጣም ደግ ስለነበረ የሚፈራው ሰው አልነበረም፤ በገበያ ቀን ግማሹ ሠራተኛ ገበያ ነው የሚውለው። ከዚያ ወደ መራመጃ ቤት ስመደብ ጓደኞቼ «ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። የቅጣት ቦታ ነበር የሚመስላቸው። የተረኛ አበሉ አንድ ወር መጥቶ አንድ ወር ይቀራል፤ እሱን ማንሣት ደም ግፊት ከመቀስቀስ በቀር ፋይዳ የለውም።

ሲስተር አስካለን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ከእኔ በፊት የአዳሩ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ሲቀበሉኝ ሌባ የያዙ ይመስል ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ እኔም ወዲያው ወደድኳቸው።

ሲስተር አስካለ በሽተኛን «ደህና ነዎት?» ብለው አይጠይቁም። «እንደዚያ ያልሽው ሰው እየሞተም ቢሆን ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ነው የሚልሽ፤ ምን ሊጠቅምሽ ትጠይቂዋለሽ?» ይላሉ። በእሳቸው ቤት የሚጠየቀው ገላ ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ፤ በእኛ ደጋ ብርድ ያልሞቀ እጅ በሽተኛን ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ገላ ደግሞ ይጨማደዳል። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ በሽተኛው ተረከዝ ሥር፣ ዳሌው ሥር፣ ጭራ አጥንቱ ላይ ያሳርፋሉ። የእኛ ቆዳ ሲቀላ በዓይን አይለይም፤ ሊቆስል የተዘጋጀ ሥጋ የሚታወቀው በሙቀቱና በጥንካሬው ነው። ትኩስ ሆኖ ካገኙት ሰውየውን ጎን ያስቀይሩና ትራስ ይደግፉለታል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሳይነቃ ያድራል። አንሶላ ያሸትታሉ። ማታ ማታ ደግሞ የበሽተኛውን ሁሉ ነጠላ ጫማ ሶል በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ጠዋት ገልብጠው ያዩታል፤ አቧራ ከነካው ባለቤቱ ሌሊት ለብቻው ተነሥቷል ማለት ነው። «አፍ ይዋሻል፤ ሶል አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ጫማ ስገለብጥ ኖርኩ።

ከእሳቸው ጋር በሠራሁበት ዘመን አንድ ሰው አጣን። አየለ ይባላል። ቤቱን በጓሳ ሣር ሲከድን ከጣሪያ ወድቆ ከወገቡ በታች ስሜት ያጣ ጎልማሳ ነው። መቼም እንደሱ የሚተጋ በሽተኛ አላየሁም። በክንዱ እየገፋ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር መሸጋገር ችሎ ነበር፤ ያንን ለማየት ከሌላ ክፍል ሰው ይመጣ ነበር። በዚህ መሐል አባቱ ሞቱ። ዘመዶቹ በማለዳ ተሰብስበው መጡና እዚያው አልጋው ላይ አረዱት፤ ወዲያው ለቅሶ እንውሰደው አሉ። የቀኑ ሐኪም ፈቀደ፤ አባቱ የሞተበትን ሰው እንዴት ብሎ ይከለክለዋል? ሲስተር አስካለ በር ላይ ቆመው «ልጁ መቀመጫው አይሰማውም። መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት» እያሉ ለመኑ። ሁሉም «እሺ» አሏቸው።

ለቅሶ ቤት ግን ሌላ ሕግ አለው። አገር ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስለት አየለ ፍራሽ ላይ መቀመጡን ነውር አድርጎ ቆጠረው። ሕመም ስለማይሰማው እንደተቀመጠ ከረመ። ወደ እኛ ሲመልሱት ቁስሉ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነበር። ያለንን ሁሉ አደረግን፤ አልተረፈም። ሲስተር አስካለ ገላውን ራሳቸው አጠቡት። ሲጨርሱ «ሐዘን ገደለው ይሉታል። ሐዘን አይደለም የገደለው፤ መሬቱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር የለበሰ ሰው በመራመጃ ቤት በር ሲገባ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ሲስተር አስካለ ጡረታ ወጡ፤ ቦታቸውም ለእኔ ሆነ። አሁን የማወራው ግን እኔም ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ስለሆነው ነገር ነው። እማማ የሺ የዚያን ጊዜ ነው የመጡት።

እማማ የሺ ጓሳ ከሚባለው ሣራማ ተራራ አጠገብ ካለ መንደር ናቸው። ከሞላሌ ገበያ ሲመለሱ በቅሎዋ ደንብራ ጣለቻቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሌላ ቦታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብረት ከገባላቸው በኋላ መራመድ እንዲማሩ ወደ እኛ ላኳቸው። ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን አሮጊት ናቸው። በሕይወቴ ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ያገኘሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ክኒን ስሰጣቸው ወደ መብራቱ ያነሡና «የትናንቱ ከዚህ ይነጣ ነበር» ይሉኛል።

አንድ ማታ ጫማቸውን ስወለውል አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጫማዬን ምን እያደረግሽው ነው?»

«እየጠረግሁት ነው፣ እማማ።»

«ያልቆሸሸ ነገር የሚጠርግ ሰው የሚፈልገው አንድ ጉዳይ አለው።»

እውነቱን ነገርኳቸው። ደስ ብሏቸው ሳቁ። «እንግዲያስ ስነሣ ጫማ አላደርግማ!» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተግባባን።

ባለቤታቸው አቶ ተክሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመጡ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእግርጌ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም እምብዛም አይነጋገሩም። ሊሄዱ ሲሉ ብቻ «ቆመሽ ሳይሽ ነው» ይላሉ። እማማ የሺም እሳቸው ከሄዱ በኋላ መደገፊያ ብረቱን ይዘው ሲለማመዱ ሌላ ሰው ነው የሚሆኑት፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ያንን እግር ይጎትቱታል። «ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን ዳገት አለ። እሱን ያለ ሰው ካልወጣሁ አልዳንኩም» ይሉኛል።

ከዚያ አቶ ተክሌ ቀሩ። ልጆቻቸውም ለተወሰነ ጊዜ ጠፉ። በኋላ ሴቷ ልጅ ብርቄ ብቅ አለች። እኔ የምገባው መሸት ሲል ጠያቂ ሊወጣ ገደማ ስለሆነ ደረስኩባት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራለች። ግራና ቀኝ ጉንጯ ላይ የተቧጨረ፣ መድረቅ የጀመረ ቁስል አለ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏት እማማ የሺ።

«ቀጋ ቧጭሮኝ ነው። ጥጃ ስፈልግ።»

«አባትሽስ?»

«ጓሳ ወጥቷል፣ እማዬ። ሣር ሊያጭድ።»

እማማ የሺ «ይሁን» አሉ።

የቆላ ልጅ ነኝና ስለጓሳ ሣር የማውቀው ነገር የለም። እኔን የከነከነኝ የጉንጯ ቁስል ነው። ባሏ ደብድቧት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ጠረጠርኩ፤ በዚያ ሰሞን አንሶላዎች እየጠፉብን ነበርና። ብርቄና አብረዋት የሚመጡት ሴቶች ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ይዞራሉ። ሲወጡም እንደዚያው። አንድ ቀን ቀድሜ ገባሁና እነሱ ውስጥ ሳሉ ወደ ማጠቢያው ጀርባ ሄድኩ። ከግንቡ ሥር በማዳበሪያ የተቋጠረ ዕቃ አገኘሁ። «ያዝኳችሁ!» አልኩ በልቤ። ፈታሁት።

ጥቁር ቀሚስ ነው። ሌላም ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ሹራብ። አንሶላ የሚባል የለም።

ቋጠሮውን እንደያዝኩ ብርቄ ከኋላዬ መጣች። ስታየኝ ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«አባታችን አርፏል፣ ሲስተር» አለች። «ድንገት ነው። አንድ ሌሊት አሞት አላደረም። ለእማዬ ከነገርናት ትሞትብናለች። በጥቁር ልብስ ከገባን ታውቃለች ብለን እዚህ እየቀየርን ነው የምንገባው። እባክዎ በማርያም፣ ትንፍሽ እንዳይሉ። ድና ቤቷ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ትረዳለች።»

ወጉ መቼም ይታወቃል። መርዶ ለበሽተኛ አይነገርም። ሲነገርም በስልክ ወይም በመንገድ ላይ አይደለም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የሚያለቅስና የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። እኔ ግን የታየኝ አየለ ነበር። አሁን ካወቁ ይወስዷቸዋል፤ ከወሰዷቸው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ያ ገና መታጠፍ የጀመረ ዳሌ እዚያው ይደርቃል። ዳግም አይነሡም። «አልናገርም» አልኩና ማልኩላት። የቀን ነርሶቹንም አስማልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ አንሶላዎቹ ማሰብ ተውኩ።

ምሥጢር መጠበቅ ለተጠራጣሪ ሰው ከባድ ሥራ ነው። እማማ የሺ «የልጆቼ አባት ዛሬም አልመጣም?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር ፊቴን ወደ ቴርሞሜትሩ አዞር ነበር። አንድ ሰሞን ግን መጠየቃቸውን አቆሙ። ያኔ ነው ሌላ ጭንቀት የያዘኝ። ማታ ስዞር ሁልጊዜ ዓይናቸው ተጨፍኖ አገኘዋለሁ፤ አተነፋፈሳቸው ግን የተኛ ሰው አተነፋፈስ አይደለም። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበርና አጠራቅመው በአንዴ ሊውጡት ይሆን ብዬ ሠጋሁ። ፍራሻቸውን ዳሰስኩ፣ ትራሳቸውን ፈተሽኩ። ምንም የለም።

አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይጀምር፣ ከሌሎቹ ቀድሜ ወደ እሳቸው ሄድኩ። አልጋው ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ተራራው እያዩ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው እንደ ለቀስተኛ ለብሰዋል። ደረታቸውን በቀኝ እጃቸው ቀስ እያደረጉ ይመታሉ፤ ድምፅ የለውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ወለሉ ሲንቋቋ ዞር አሉ። ነጠላውን ለመገልበጥ እጃቸው ተነሣና መለሱት።

«አየሽኝ» አሉ።

«ማን ነገረዎት፣ እማማ?» አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ከነርሶቹ አንዷ መሐላ አፍርሳለች የሚል ነው።

«ማን ይነግረኛል? ብርቄ ውሸት አትችልም። ቀጋ ቢቧጭር ባንድ በኩል ይቧጭራል እንጂ ሁለት ጉንጭ እኩል አይነጭም። እኔም ለእናቴ ጊዜ ፊቴን ነጭቻለሁ፤ ቁስሉን አላውቀውም ብለሽ ነው? ደግሞ ጓሳ ወጣ አለችኝ! ጓሳው በግዝት እንደተዘጋ ነው፤ አገር መክሮ እስኪከፍተው ድረስ ማጭድ ይዞ የሚወጣ የለም። የልጆቼ አባት ደግሞ ግዝቱን የጣሰን ሰው ማጭድ የሚያስቀማ ሰው ነው፤ እሱ ተደብቆ ሣር ሊያጭድ? ያንን ስትለኝ ነው የሞተብኝ።»

ጎናቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። አለቀስኩ፤ ነርስ በሽተኛ ፊት አታለቅስም ይባላል፣ እኔ ግን አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

«ስሚኝ» አሉኝ። «ማወቄን ካወቁ ነገ ጠዋት ይወስዱኛል። ሴቶቹ ዙሪያዬን ይቀመጣሉ። ‹አንቺ አትነሺ፣ አንቺ አትንቀሳቀሺ› እያሉ ውሃ እንኳ አያስቀዱኝም። እኔም ሐዘንተኛ ነኝና እቀመጣለሁ። በዚያው ቀረሁ ማለት ነው። ‹ቆመሽ ሳይሽ ነው› ሲለኝ ነበር። ቆሜ ሳያየኝ ሄደ፤ እንግዲህ መቃብሩ ላይ በቃሬዛ ተሸክመው እንዲወስዱኝ አልፈልግም። በእግሬ ነው የምሄደው። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

ለልጅቷ፣ መርዶውን ለእናቷ ላልናገር ምያለሁ። ለእናትየዋ ደግሞ ማወቃቸውን ላልናገር ማልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመራመጃ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቲያትር ይሠራ ነበር፤ እኔ ለሁለቱም በር ጠባቂ ሆንኩ። ልምምዳቸውን ግን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ፊዚዮቴራፒስቱ ሲበቃ ሲላቸው እሳቸው አልበቃም። ደረጃ መውጣት ሲያስተምራቸው «ከዚህ የሚበልጥ ደረጃ የላችሁም?» ብለው ይቆጡት ነበር። ለምን እንደሚያደርጉት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ወንዱ ልጅ ጌታነህ ኮስታራ ገበሬ ነው፤ እንደ እናቱ ዓይኑ አያርፍም። አንድ ማታ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ሲስተር፣ እናቴ አባቴን መጠየቅ ትታለች። ማን ነገራት?»

«ማንም አልነገራቸውም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ግን እንደ ዋሸ ሰው ጆሮዬ ጋለ።

ፊቴን ሲያጠና ቆየ። «ብትሰማም ባትሰማም ልወስዳት ነው የመጣሁት» አለ። «አርባው ደርሷል። የአባቴ ተዝካር ሚስቱ በሌለችበት ሲወጣ አገር ምን ይለናል? ‹አሮጊቷን የሰው በር ጥለው ድግስ ደገሱ› ነው የምንባለው። አባቴ ታሟል ብዬ እወስዳታለሁ፤ ከዚያ ይነገራታል።»

«ገና አልጠነከሩም። አሁን ከሄዱ አይመለሱም» አልኩት። ስለ አየለም ነገርኩት። እየሰማኝ አልነበረም። ነገሩ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ቤተሰብ ከፈረመ ይወስዳል። ተከትዬው ገባሁ።

ጌታነህ የእናቱን ጉልበት ስሞ ተቀመጠ። «እማዬ፣ አባዬን ትንሽ አሞታል። ሊያይሽ ይፈልጋል። ነገ ወደ ቤት እንግባ» አለ።

እማማ የሺ ቀና አሉ። እኔ ከአልጋው ራስጌ ነበርኩና ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ሲጨብጥ አየሁ፤ ጅማቱ ተገታተረ።

«አሞት ከሆነ እኔ ምን ላድርግለት?» አሉ ጮክ ብለው። አጠገባቸው ያሉት በሽተኞች ሁሉ ዞሩ። «ድሮም ልፍስፍስ ነው! ያመመው ሰው እኔ ነኝ እሱ? ስወድቅ አላነሣኝ፣ ስታመም አላስታመመኝ! እግር ካለው በበቅሎው ይምጣ፤ እኔ ሳልድን ከዚህ ንቅንቅ አልልም። እንደዚህ አለች በለው!»

ጌታነህ አፉን ከፍቶ እናቱን አያቸው። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን እንደገና ሳመ፤ በዚያው ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አሳርፎ ቆየ። ሲነሣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። እማማ የሺም ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ያን ሌሊት እጄን አሙቄ ተረከዛቸውን ስዳስስ መላ አካላቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተዝካሩ ያለ እሳቸው ወጣ። ጌታነህ ከዚያ ወዲህ ስለመውሰድ አንሥቶ አያውቅም። እኔም በልቤ «ጎሽ፣ አሮጊቷ ልጁን አታለለችው» አልኩ።

ከወራት ልምምድ በኋላ ሐኪሙ ቤትዎ መግባት ይችላሉ ሲላቸው፣ ብርቄ መጥታ ለመነችኝ፤ «ስትረዳ ብትወድቅብንስ? አብረውን ይሁኑ» አለች። ፈቃድ ወሰድኩና ሄድኩ። መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸከሟቸው። ከቤት የደረስነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። እማማ የሺ ቤታቸው ገብተው ባለቤታቸው የት እንዳሉ አልጠየቁም። ባለመጠየቃቸው የተገረመ ሰውም አልነበረም። ያ ነገር ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ገብቶ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጠ። የነፍስ አባታቸው ቄስ መሐል ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሺ ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን። እሱም ቀደመሽ እንጂ…» ከማለታቸው እማማ የሺ ጩኸታቸውን ለቀቁት። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያች ቀጭን አሮጊት ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ልቅሶ ግን ሰምቼ አላውቅም። መራመጃ ቤት ለብቻቸው ደረታቸውን ያለ ድምፅ ሲመቱ የከረሙት ሰው አሁን የሚያለቅስላቸው ወገን አገኙ። «ቆሜ ሳታየኝ!» እያሉ ነበር። ሴቶቹ አብረው ጮኹ። እኔም መሬት ላይ እንዳይወድቁ ከኋላቸው ሆኜ እየጮህኩ ነበር።

ሲደክማቸው ሴቶቹ መሬት ላይ ሊያስቀምጧቸው ክንዳቸውን ያዙ። እማማ የሺ እጃቸውን ነጠቁ።

«ልቀቁኝ» አሉ። «ዱላዬን ስጡኝ።»

ከሰዉ መሐል ጌታነህ ተነሥቶ ዱላውን አቀበላቸው፤ በሩንም እሱ ከፈተ። እማማ የሺ ወጡ። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ድንጋያማ ነው፤ ሌሊት ያደረው ውርጭም ሣሩ ላይ ነጥቶ ነበር። መጀመሪያ ጥሩውን እግር፣ ከዚያ ዱላውንና የታመመውን። ፊዚዮቴራፒስቱ ቢያይ ያለቅስ ነበር። ሴቶቹ «ኧረ ያዟት!» እያሉ ሲሯሯጡ ጌታነህ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው፤ እኔን ብቻ አሳለፈኝና ጎን ለጎን ከኋላቸው ወጣን። እጆቼን ወደፊት ዘርግቼ፣ ሳልነካቸው፣ ቢያዳልጣቸው ልይዛቸው ነበር የምሄደው።

«ሲስተር» አለኝ ጌታነህ፣ ዓይኑን ከእናቱ እግር ሳያነሣ። «እርስዎም ማወቋን ያውቁ ነበር፣ አይደል?»

«አንተስ መቼ አወቅህ?»

«ያን ዕለት። ልወስዳት ስመጣ አባቴን ስትሰድበው። እናቴ አባቴን በሰው ፊት ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። በሕይወቷ አንዴም። ‹ልፍስፍስ› ስትለው፣ ሞቱን እንደሰማች፣ ለምን እዚያ እንደቆየችም ገባኝ። ወጥቼ ለእህቴ ነገርኳት፣ እሷም ለዘመድ ሁሉ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እንዳላወቀች ሆነን ጠበቅናት። ተዝካሩንም አገር ያማን እንጂ ብለን ያለ እሷ አወጣነው።»

ዕድሜ ልኬን ስጠራጠር የኖርኩት ሴትዮ፣ ጫማ ስገለብጥ፣ አንሶላ ሳሸትት፣ ቋጠሮ ስፈታ የኖርኩት፣ አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ለአንዲት አሮጊት እግር ሲል አፉን ይዞ መክረሙን አላየሁም። አፈርኩ፤ ደግሞም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀና ስል እማማ የሺ የቅጽሩን በር አልፈው ነበር። መቃብሩን የሚያመለክታቸው ሰው አላስፈለጋቸውም፤ አፈሩ ገና አልጠነከረም። አጠገቡ ደርሰው ዱላቸውን ወደ ጎን አጋደሙና ቆሙ። ሁለት እጃቸው ባዶ ነው፣ ማንም አልያዛቸውም።

«መጣሁ» አሉ።